የጭድ ክምርና ትራምፖሊን፦ የጎጃም ልጅ የት ይዝለል?

በዚህ ጊዜ ስለ ልጆች ጨዋታ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። መንገድ በሚዘጋበት፣ ጥይት በሚጮህበት አገር ስለ መዝለያ ሸራ ማውራት ምን የሚሉት ነው ይባል ይሆናል። እኔ ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። አንድ ማኅበረሰብ ለልጆቹ ምን ያህል መሬት ትቶላቸዋል ብሎ መጠየቅ ስለ መሬት፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ሰላምም መጠየቅ ነው። የልጆች ጨዋታ ታሪክ የመሬት ታሪክ ነው። ይህን ለማሳየት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ፤ አንደኛው አሜሪካ የተሠራው ትራምፖሊን፣ ሁለተኛው የጎጃም አውድማ ላይ ያለው የጭድ ክምር።

*ዕቃው ከየት መጣ?*

ትራምፖሊን በብረት ክፈፍ ዙሪያ በሞላ የተወጠረ ሸራ ነው። ልጅ ሲዘልበት ሸራው ወደ ታች ይረግባል፣ ሞላው ጉልበቱን ያጠራቅማል፣ መልሶም ልጁን ወደ ላይ ይወረውረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በመናፈሻዎች፣ በልጆች መጫወቻ ቤቶችና በልደት ድግሶች ላይ ይታያል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በሚልኩት ፎቶ ላይ ከቤቱ ጀርባ በመረብ ታጥሮ የሚታየው ክብ ነገርም እሱ ነው።

የፈለሰፈው ጆርጅ ኒሰን የሚባል የአዮዋ ግዛት ጂምናስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ የሰርከስ ሰዎች ከላይ ተወዛውዘው ሲጨርሱ ከታች በተዘረጋው መረብ ላይ ሲያርፉ አየ። መረቡ መልሶ ቢያነጥራቸውስ? ከዚያች ጥያቄ ተነሥቶ በወላጆቹ ጋራዥ ውስጥ ብረትና ሸራ ማገጣጠም ጀመረ። በ1934 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከአሠልጣኙ ከላሪ ግሪስወልድ ጋር የተሻለውን ሠሩ። ስሙን ያገኘው ከስፓኒሽ ነው፤ ቃሉ ወደ ውኃ መዝለያ ሰሌዳ ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዕቃው ወደ ጦር ሠራዊት ገባ። አብራሪዎች አየር ላይ ሲገለባበጡ አቅጣጫ እንዳይጠፋባቸው የሚለማመዱት በእሱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተቀበሉት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ነጋዴዎች መሬት ቆፍረው፣ ሸራውን በጉድጓዱ አፍ ላይ ወጥረው፣ በደቂቃ ሒሳብ ሰው ማስዘለል ጀመሩ። አሠልጣኝ የለ፣ ጠባቂ የለ። አደጋ በዛ፣ ክስ ተከተለ፣ ንግዱም ብዙ ሳይቆይ ወደቀ።

ዕቃው ግን አልሞተም፤ ወደ ጓሮ ገባ። በአንድ በኩል በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የውድድር ስፖርት ሆነ። በሌላ በኩል በአሜሪካ መንደሮች የየቤቱ ጌጥ ሆነ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1977 ከትምህርት ቤቶች እንዲወጣ ጠየቀ። በ1999 ደግሞ በመኖሪያ ቤት እንዳይኖር መከረ፤ በ2012 ምክሩን ደገመው። በዚያው የ2012 መግለጫ ከጉዳቶቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሱት ከአንድ በላይ ልጆች አብረው ሲዘሉ እንደሆነ ተጽፏል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከባዱ ልጅ ሲያርፍ ሸራው ጉልበቱን ያጠራቅማል። በዚያች ቅጽበት ትንሹ ልጅ እዚያው ላይ ካለ የታላቁ ጉልበት ለእሱ ይተርፈዋል፤ ባላሰበው ከፍታ፣ ባልመረጠው አቅጣጫ ይወረወራል። ስለዚህ የሐኪሞቹ ሕግ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን። የተሠራበት ብልሃት ራሱ ትራምፖሊንን የብቸኛ ልጅ ዕቃ ያደርገዋል።

*የአውድማው ዝላይ*

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። ደብረ ማርቆስ፣ የጥንቷ መንቆረር፣ ከጮቄ ተራራ በስተደቡብ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ የሚያመርት የገበሬ አገር ነው። መኸር ሲሰበሰብ አውድማ በእበት ይለቀለቃል፣ ነዶው ይበተናል፣ በሬ ያበራያል፣ በመንሽ ይገለበጣል፣ በላይዳ ይዘራል። እህሉ ወደ ጎተራ ይገባል። የሚተርፈው ጭድ ነው። የጎጃም ልጅ ትራምፖሊን እሱ ነው።

የገጠር ልጅ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ከክምሩ ጫፍ ወጥቶ መዝለል፣ እስከ ወገብ መስጠም፣ ከፀጉር እስከ አንገት ገለባ መልበስ፣ ማታ ሲያሳክክ ማደር። ጭድ እንደ ሞላ ጉልበት መልሶ አይሰጥም፤ የወደቀውን ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ አምስት ልጅ አብሮ ቢዘል አንዱ የሌላውን ጉልበት አይቀበልም። አደጋ የለውም አልልም፤ ጭዱ ውስጥ የተረሳ መንሽ ዓይን ያጠፋል። ክምሩን ያፈረሱ ልጆችም ከአባወራው አርጩሜ አያመልጡም፤ ጭዱ የከብት ቀለብ፣ የጭቃ ቤት ማጠናከሪያ ነውና። ግን የአውድማው ዝላይ የብዙ ልጆች ዝላይ ነው። ለመግባት ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ዕድሜ አይለይም፤ ትልቁ ትንሹን ይዞ ነው የሚወጣው። በዙሪያውም አዋቂዎች አሉ፤ ሥራ ላይ ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ከልጆቹ አይርቅም።

የደጋው ሰው ጨዋታ በጠቅላላ እንዲህ ነበር። የራሱ ወራት፣ የራሱ የወል ቦታ ነበረው። ነሐሴ ላይ ለቡሄ የእረኛው ጅራፍ ከኮረብታ ኮረብታ ይጮኻል። ታኅሣሥ ላይ ለገና በቆልማማ ዱላ እሩር የሚያሳድዱት በሰፊ መስክ ነው፤ በዚያ ቀን ጌታው በሎሌው አይቆጣም የሚል ልማድ ነበር። ማታ ማታ በጨረቃ ድብብቆሽ በየደጁ ነው። ለእነዚህ ጨዋታዎች የሚያስፈልገው ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ ሳይሆን ማንም «የኔ ነው» ብሎ የማያባርርበት ሜዳ ነው።

*ጨዋታውን የመዘገበው ፈረንሳዊ*

ይህን ሀብት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ በጥናት መልክ በመጽሐፍ ያሰፈረው የውጭ ሰው ነው። ማርሴል ግሪዮል የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929 ኢትዮጵያ ቆየ። ጎጃም ገብቶ በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ግዛት ከረመ። በ1935 በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ የሐበሻን ጨዋታዎችና መዝናኛዎች መዘገበ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ ጣሊያን የወረረን በዚያው ዓመት ነው። ግሪዮል ያኔ ከኢትዮጵያ ጎን ቆሞ የተናገረ ሰው ነው። ሌላው ገጹም መነገር አለበት፤ በ1932 የእሱ ጓድ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎችን አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወስዷል።

ለእኛ ጉዳይ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የተጻፉት የጎጃም ታሪኮች የነገሥታትና የመሳፍንት ናቸው። ማን ማንን ወጋ፣ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ። ራስ ኃይሉ ራሳቸው በ1924 ዓ.ም. ተሽረው ታሰሩ፤ ይህ በየመጽሐፉ አለ። በዚያው ሰሞን አውድማ ላይ ይዘሉ የነበሩት ልጆች ግን በታሪካችን ውስጥ የሉም። ያልተጻፈ ነገር ሲጠፋ ደግሞ መጥፋቱ አይታወቅም። ቤተ መንግሥት ቢፈርስ ፎቶ አንሥተን እንጮኻለን፤ መጫወቻ መስክ ሲታጠር ግን ልማት ነው ብለን እናልፋለን።

*ግን የማን ጨዋታ ነበር?*

እዚህ ላይ በናፍቆት መስከር የለብንም። የድሮው መስክ ለሁሉም ልጅ እኩል አልነበረም። ወንዱ ልጅ ከከብት ጋር ሲውል ሜዳ ላይ ነው፤ ሥራውም ጨዋታውም አንድ ቦታ ነው። ሴቷ ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች። የእሷ ጨዋታ በሥራ መሀል የተሰረቀ ጊዜ ነበር።

እሱም ቢሆን ቶሎ ነበር የሚያልቀው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር። ጎጃም ውስጥ ይህም እንኳ አልተከበረም። በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው በአማራ ክልል ከሚኖሩ ከ25 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ነው የተዳሩት። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን 18 ያደረገው በ1995 ዓ.ም. ነው። ልጅቷ ስትዳር ዝላይ ነውር ይሆናል። ከክምሩ የወረደችው ስላደገች አይደለም፤ ስለተዳረች ነው።

ይህን ታሪክ የለወጠው ትምህርት ቤት ነው። ስለ ትምህርት ቤት ስናወራ ፊደልና ፈተና ብቻ እንቆጥራለን። ለገጠርና ለትንሽ ከተማ ሴት ልጅ ግን ትምህርት ቤት ከእኩዮቿ ጋር ያለ ሥራ የምትቆምበት ሰፊ ግቢ ነው። ሱዚ የሚዘለለው እዚያ ነው። ሁለት ልጆች ላስቲኩን በእግራቸው ይይዛሉ፣ ሦስተኛዋ ትዘላለች፤ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ከፍ ይላል። ሰኞ ማክሰኞ በድንጋይ ተጭሮ የሚዘለለውም፣ ገመዱም እዚያው ነው። ልብ በሉ፣ ሱዚን አንድ ልጅ ብቻዋን ልትጫወተው አትችልም፤ ላስቲኩን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። የትራምፖሊን ሕግ «አንድ ልጅ ብቻ» ሲል፣ የሱዚ ሕግ «ከሦስት አታንሱ» ይላል።

*ካሬ ሜትር እንቁጠር*

አሁን ወደ ዛሬይቱ ከተማ እንግባ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ደብረ ማርቆስ 49,297 ሕዝብ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. 62,497 ሆነች። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ከተማዋ ግን በዓይን የሚታይ መስፋፋት አስፍታለች። ዩኒቨርሲቲው ትምህርት የጀመረው በዚያው በ1999 ነው፤ ተማሪ፣ መምህር፣ ተከራይ፣ ቤት ሠሪ ተከታትሎ መጣ። የከተማው ዳር የነበረው ማሳና የግጦሽ መስክ ቦታ ሆነ። ቦታ ተሸነሸነ፣ ታጠረ፣ ቆርቆሮ ተመታበት።

ለአንድ ቤተሰብ 150 ካሬ ሜትር ደረሰው እንበል። መካከለኛ የሚባል ትራምፖሊን የመሀል ስፋቱ 3 ሜትር ከ60 ነው። ልጅ ቢፈናጠር ግንብ እንዳይመታ በየጎኑ 2 ሜትር ያህል ባዶ መሬት ይፈልጋል። ስለዚህ በየጎኑ 7 ሜትር ከ60፣ ማለትም ወደ 58 ካሬ ሜትር ይይዛል። ከግቢው ከሲሶ በላይ! ቤቱ፣ ማድ ቤቱ፣ መጸዳጃው፣ የሚከራየው ሰርቪስ የት ይግባ? ኮንዶሚኒየም ላይ ላለ ሰው ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሣም፤ ጓሮ የለውማ። የጓሮ ትራምፖሊን ሰፊ ጓሮ ካለበት አገር የመጣ ዕቃ ነው። እኛ ዘንድ ጓሮ የሚባለው ጌሾና ጎመን የሚበቅልበት ነው።

በሌላ በኩል አንድ የኳስ ሜዳ ወደ 6,400 ካሬ ሜትር ነው፤ የ110 ትራምፖሊን ቦታ ማለት ነው። መቶ አሥር ሀብታም ቤተሰብ ለየልጁ አንዳንድ ቢገዛ ያው መሬት ያልቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚዘሉትም 110 ልጆች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ለየብቻቸው፣ በየአጥራቸው ውስጥ። ያው መሬት ሜዳ ሆኖ ቢቀመጥ ጠዋት የአንዱ ሰፈር፣ ከሰዓት የሌላው፣ በበዓል የሁሉም ነው። ትራምፖሊን የሚገዛ ወላጅ ላይ ነቀፌታ የለኝም። ልጁ ውጭ ወጥቶ የሚጫወትበት ቦታ ሲያጣ፣ ባጃጅና ሞተር ሲያስፈራው፣ ባለው አቅም መፍትሔ ፈለገ። ቅር የሚለኝ የወል የነበረው ነገር ሲጠፋ የምንተካው በግል ግዢ ብቻ መሆኑ ነው። መግዛት የሚችል ይገዛል፤ የማይችል ልጅ አስፋልት ዳር ይጫወታል፣ ወይም ስልክ ላይ ያፈጣል።

*በጦርነት ጊዜ*

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ይህን ስንናገር የምንቆጥረው ያለፈ ሴሚስተር፣ ያልተሰጠ ፈተና ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ የልጆች የመጨረሻው ሰፊ የወል ግቢ አብሮ ይዘጋል። መስኩ ቀድሞ ተሸንሽኗል፤ መንገዱ ያስፈራል፤ ግቢው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ልጁ የት ይዝለል? ሴቷ ልጅስ? ከላይ እንዳየነው ለእሷ ግቢው ከሥራና ከጋብቻ መሸሸጊያ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ውኃ መንገዱ፣ ወደ ማጀቱ፣ አንዳንዴም ወደ ሽማግሌ ደጅ መመለስ ይመጣል።

ጨዋታ ለልጅ ትርፍ ጊዜ ብቻ አይደለም። የፈራ ልጅ ፍርሃቱን የሚያወጣው በጨዋታ ነው። የጠመንጃ ድምፅ የሰማ ሕፃን እንጨት ይዞ ተኩስ ሲጫወት ብታዩት አትደንግጡ፤ በቃል ያልቻለውን እየተናገረ ነው። የሚያስደነግጠው ፈጽሞ የማይጫወት ልጅ ነው።

ሕጉም ቢሆን አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ጨዋታን መብት ያደርገዋል። ኢትዮጵያ ይህን የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔም ጦርነት ነበር! የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተርም በአንቀጽ 12 ይህንኑ ይላል። ዓለም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ሰኔ 4 ቀንን የጨዋታ ቀን ብሎ ያከብራል። ወረቀት አልጎደለም። የጎደለው መሬት ነው፣ ሰላም ነው።

*ምን ይደረግ?*

ትልቅ በጀት የማይጠይቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የከተማ ፕላን ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባው ሁሉ ኋላ ለሱቅና ለሕንፃ እንዳይሰጥ ነዋሪው ይወቀው፣ ይጠይቅ። የሰፈር ሰው ለዕድር ድንኳን የሚያወጣውን ያህል ቁጣ ለሜዳውም ያውጣ።

ሁለተኛ፣ ሰላም ባለበት ቦታ የትምህርት ቤት ግቢ ቅዳሜና እሑድ ለሰፈር ልጆች ይከፈት። ግቢው አለ፣ አጥሩ አለ፣ ጥበቃው አለ። የሚያስፈልገው የበር ቁልፍና የሁለት ሰው ኃላፊነት ነው።

ሦስተኛ፣ በሁለቱም ወገን ላሉ ባለ ጠመንጃዎች፦ የትምህርት ቤት ግቢ የጦር ሠፈር አይሁን። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ነገር ላይ አንስማማም። የልጆች ሜዳ ላይ መስማማት ካቃተን ግን ስለ ምን እንደምንዋጋ ራሳችንን እንጠይቅ።

አራተኛ፣ ትራምፖሊን የገዛችሁ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ፣ ከ6 ዓመት በታች ያለ አይውጣበት፣ አዋቂ አጠገቡ ይቁም። መረብ ብቻውን አያድንም። የጎረቤት ልጆችንም ጥሩ፤ ተራ መጠበቅም አንድ ጨዋታ ነው።

አምስተኛ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ምን ትጫወቱ ነበር? የት? ሕጉ ምን ነበር? ዳኛው ማን ነበር? ጻፉት፣ በስልክ ቅዱት። ከዘጠና ዓመት በፊት ፈረንሳዊ የመዘገበውን እኛ አሁን በቋንቋችን መመዝገብ አያቅተንም።

አሁን መኸር በደረሰ ቁጥር በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጭድ ይከመራል። ገበሬው ማዳበሪያ በሰዓቱ ካገኘ፣ ማሳው ላይ በሰላም ከዋለ፣ ክምሩ ይኖራል። ልጆቹም ያለ ፍርሃት ወደ አውድማ መሄድ ከቻሉ ዝላዩ ይቀጥላል። የአንድ አገር ሰላም በብዙ ነገር ይለካል፤ በደመወዝ፣ በመንገድ፣ በምርጫ። እኔ አንድ መለኪያ ልጨምር፦ አመሻሽ ላይ አምስት ልጆች ከክምር ላይ አብረው ሲዘሉ እናታቸው ሳትደነግጥ «ኧረ በቃችሁ፣ ግቡ!» ብላ መጣራት መቻሏ።

በእናንተ ሰፈር ልጆች የሚዘሉበት የወል ቦታ አለ? የትኛው ቀረ፣ የትኛው ታጠረ? ጻፉልን።